ነጥብ ያላረፈበት ቦታ

ጅቡቲ፣ ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስርጉት፤

አንቺ እንዴት ነሽ? ልጅሽ ሻሼስ? የአማትሽ የእማማ እታለም ወገብ ተሻላቸው ወይስ አሁንም ትራስ ተደግፈው ነው የሚውሉት? እዚህ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ብሎልናል፤ እኔም ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ጌቾ ከሰጠኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ጎረቤትሽ ደግ ሰው ነው፤ ወደብ በር ላይ ከነተሳቢው ወረፋ ይዞ ሳለ ሰው ልኮ አስጠራኝ። ጦርነቱ የአሰብን መንገድ ከዘጋው ወዲህ የአገሩ ጭነት ሁሉ በዚህ በኩል ሆነና፣ በስምንት ዓመት ያላየሁትን የናዝሬት ሰው በአንድ ወር አየሁ። መልሱን ያዘገየሁት እኔው ነኝ። ሰበብ ልጽፍልሽ አስቤ ተውኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጌቾ "የዓሣ ካርታ ይሠራል" ቢልሽ ሳቅሽ አሉ። እውነቱን ነው። ማዳም ሶላንዥ የምትባል ፈረንሳዊት ተመራማሪ መጥታ ቀጥራኛለች። የምታጠናው ሻርክ ነው፤ ሰው የሚፈራውን፣ ከላይ ከላይ የሚዋኘውን አይደለም። ከአምስት መቶ ሜትር በታች፣ ፀሐይ በማይደርስበት የሚኖር፣ ርዝመቱ ከሻሼ ቁመት የማይበልጥ፣ ዓይኑ እንደ ጠርሙስ ስባሪ አረንጓዴ የሆነ ዓሣ ነው። በዚህ ባሕር የት የት እንደሚኖር መዝግቦ የያዘ ሰው አላገኘችም። ስለዚህ ዓብዱሰመድ የሚባል የኦቦክ ጀልበኛ ረጅም ገመድ በመንጠቆ ሞልቶ እየሄደ ይጥላል። የጣለበትን ቦታ፣ ጥልቀቱንና ያወጣውን በደብተር ጽፎ ያመጣል። እኔ ደብተሩን ወደ ባሕር ካርታው እገለብጣለሁ። ዓሣው ከተያዘ ቀይ ነጥብ፣ ካልተያዘ ባዶ ክብ። ባሕር ኃይል አሥራ አንድ ዓመት የተማርኩት ሁሉ ለዚህ ዋለ።

አብሬ አልወጣም። አንድ ቀን ሞክሬ ነበር፤ ወደብ በር ላይ ያለው ዣንዳርም የሚሉት ፖሊስ የስደተኛ ካርዴን አገላብጦ አየና መለሰኝ። በዚህ ካርድ ከተማው ውስጥ መኖር ይቻላል፣ በየሦስት ወሩ ማሳደስ ይቻላል። ጀልባ ላይ መውጣት አይቻልም። ወደ አገር መሄድም አይቻልም፤ የሄደ ካርዱን ተሰናብቶ ነው። ቢሯችን ራስ ዲካ ነው። ባሕሩ ከግድግዳው ወዲያ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን የማቀዝቀዣው አየር እንዳይወጣ ብለው መስኮቱን በጣውላ መትተውታል። ውዬ ወደ ዋራበሌ፣ ወደ ቆርቆሮ ክፍሌ እመለሳለሁ። ባሕር የማየው ወረቀት ላይ ነው።

ሻሼ "ዓሣው ምን ይበላል?" ማለቷ አሳቀኝ። ለእሷ የሚሆን ዛጎል በጌቾ ልኬያለሁ።

ስለ ባልሽ ስለ ጀንበሬ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት አዲስ ነገር የለም። ያኔ እንደጻፍኩልሽ ነው። ከየመን የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ወንድምሽ ደስታው


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ደስታው፤

እንዴት ነህልን? ዛጎሉ ደርሷል፤ ሻሼ ትምህርት ቤት ይዛው ሄዳ ለክፍሉ ሁሉ ስታሰማ ዋለች። ደብዳቤህን ሳነብላት ግን "ጥያቄዬን ዘለለው" ብላ አኮረፈች። በሚቀጥለው እንዳትዘላት፤ የአባቷ ልጅ ናት፣ አትረሳም።

እማማ እታለም ደክመዋል። መነሣት ትተዋል፤ ምግቡንም እኔ ካላጎረስኳቸው አይሞክሩትም። አንደበታቸው ግን እንዳለ ነው። ባለፈው ሰፈር ሰው ሞቶ ጥቁር ነጠላ ለብሼ ልወጣ ስል "አውልቂው! በልጄ ላይ ሟርት ነው" ብለው ጮኹብኝ። አውልቄ በነጭ ሄድኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አሁን የምነግርህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። የሻሼ አስተማሪ አቶ ዓለምሰገድ ሽማግሌ ላከብኝ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። "የሰው ሚስት ነኝ" አልኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ስምንት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው በሕግም የጠፋ ነው፤ ፍርድ ቤት ሄደሽ አስወስኚ" አሉኝ። እኔም "ባሌ አልጠፋም፣ የመን ነው" ብዬ የ1983ቱን ደብዳቤህን ከሳጥን አውጥቼ አነበብኩላቸው። "ጀንበሬ ከእኛ ተለይቶ በሌላ ጀልባ ወደ የመን ተሻግሯል፤ ደህና ነው" የሚለውን። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተበልቷል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሽማግሌዎቹም ተነሥተው ሄዱ።

አሁን ደግሞ ስማ። ከሰንዓ የተመለሰች አንዲት ሴት አግኝቻለሁ። ሆዴይዳ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር የሚጠግን ኢትዮጵያዊ አይታለች። ስሙን አታውቅም። ረጅም ነው፣ ሲሠራ ያፏጫል፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም አለችኝ። ጀንበሬ ጣቱ ሙሉ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ስምንት ዓመት ነው፣ ከብረት ጋር የሚውል ሰው ጣት ሊያጣ ይችላል። ማፏጨቱን ግን አንተም ታውቃለህ።

ፓስፖርት አውጥቻለሁ። የልብስ ስፌቱን ለባልንጀራዬ ሰጠሁ፤ እማማን የምታስታምም ዘመድ ከአርሲ አመጣሁ። ከጥምቀት በኋላ በባቡር እመጣለሁ። ጣቢያው ድረስ ወጥተህ ተቀበለኝ፤ ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ የምታገኝልኝም አንተ ነህ። ባሕር ካርታ የሚሠራ ሰው እያለኝ ማንን እጠይቃለሁ?

ታናሽህ ስርጉት


ጅቡቲ፣ ጥር 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለስርጉት፤

ጌቾ ጭነቱን ስለጨረሰ በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ሰላምታውን አሳጠርከው አትበዪኝ።

አትምጪ።

እዚህ ለሴት የሚመች ቦታ አይደለም። ወረቀት ያለውም የሌለውም እየተያዘ የሚጠየቅበት ወቅት ነው። ወደ የመን የሚሻገሩት ጀልባዎች ደግሞ ሰው ከፍየል ጋር የሚጭኑ ናቸው፤ ነፋሱም ገና አልበረደም። ያቺ ሴት ያየችው ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። የሚያፏጭ መካኒክ ሞልቷል። እማማን በዚህ ሁኔታ ትተሽ ብትመጪና አንድ ነገር ቢሆኑ ለራስሽ አትሆኚም። ቢያንስ እስከ ፋሲካ ቆዪ፤ እኔ እስከዚያ ሆዴይዳ የሚመላለስ ሰው ፈልጌ አጣራለሁ።

ሥራው አለ። መቶ አሥር ያህል ነጥብ ሞልተናል። ማዳም ሶላንዥ ትናንት ካርታው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየችና ራስ ቢር ከሚባለው የጠረፍ ጫፍ ወዲያ ያለውን ቦታ በጣቷ ከበበችው።

"ደስታው፣ ዙሪያውን ሁሉ ቀይ ነው። እዚህ መሐል ለምን ምንም የለም?"

"ድንጋይ ነው፤ ገመድ ይበላል" አልኳት።

"ዓብዱሰመድ ግን አሸዋ ነው፣ ደስታው ነው አትሂድ ያለኝ አለ።"

እርሳሴን መቅረጽ ያዝኩ። እሷም አልጨቀጨቀችኝም፤ ብቻ "በሚቀጥለው ወር እንጥልበታለን" ብላ ወጣች። ለምን ይህን እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ሳልጽፈውም መቀመጥ አልቻልኩም።

እባክሽ አትምጪ።

ደስታው


ናዝሬት፣ የካቲት 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ደስታው፤

እማማ እታለም ጥር 19 ቀን አረፉ። ጠዋት ወተት አጠጥቻቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ እኔ እንቅልፍ መስሎኝ ልብስ ሳሰጣ ቆየሁ። የቀበራቸው ሰፈሩ ነው። ልጃቸው ፊት ሆኖ የሚሄድበትን ቦታ ሰዎች ክፍት ትተውለት ሄዱ። ያን ክፍት ቦታ እያየሁ ነው ቀብሩ የደረስኩት።

አትምጪ ማለትህ በዚህ በኩል ጠቅሞኛል፤ መንገድ ላይ ብሆን ኖሮ አልቀብራቸውም ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንደ ወንድም መልስልኝ።

ጌቾ የነገረኝ አለ። አትምጪ የሚለውን የላክህልኝ ቀን ሁለት ደብዳቤ ነበር የሰጠኸው። አንደኛው ወፍራም ነበር አለ። ሞተር አስነሥቶ ሊወጣ ሲል ሮጠህ ደርሰህ ወፍራሙን መልሰህ ተቀበልከው። 

ምንድን ነው የደበቅከኝ? ሌላ ሚስት አግብቷል? ልጆች ወልዷል? እስላም ሆኖ ስሙን ለውጧል? ይህን ሁሉ እኮ ብቻዬን ተቀምጬ አስቤዋለሁ፤ ስምንት ዓመት አጭር አይደለም። እችለዋለሁ። በሕይወት ይኑር እንጂ ከማንም ጋር ይኑር። "አልፈልጋትም ብሏል" ብትለኝም እቀበላለሁ፤ ቢያንስ ምን እንደምጠብቅ፣ ምን እንደማልጠብቅ አውቃለሁ። አሁን ያለሁት ያላገባሁም፣ ያልፈታሁም፣ ያልተቀበርኩም ሆኜ ነው።

ካልነገርከኝ ከአርባቸው በኋላ፣ መጋቢት 5 ቀን በሚነሣው ባቡር እመጣለሁ። በዚህ ጊዜ አትምጪ ብትለኝም አልሰማህም።

ስርጉት


ጅቡቲ፣ የካቲት 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለስርጉት፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለእማማ እታለም ማልቀስ የሚገባኝን ያህል ማልቀስ አልቻልኩም፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሺ ይገባሻል። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ፣ ሻሼ በሌለችበት አንብቢው።

ጀንበሬ የመን አልተሻገረም። ሌላ ሚስት የለውም። ሞቷል። የሞተው ያኔውኑ ነው፤ ግንቦት 1983። እኔ ሲሞት አይቻለሁ፤ ደብዳቤውን ስጽፍልሽ አውቅ ነበር።

አሰብ ልትያዝ አንድ ቀን ሲቀራት አሥራ አንድ ሆነን በአንዲት አሮጌ የጭነት ጀልባ ወጣን። መሪው እኔ ነበርኩ፤ ሞተሩን የያዘው ጀንበሬ ነው። በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ራስ ቢርን እያየን ሞተሩ ቆመ። ከኋላ በኩል ውሃ ታስገባ ጀመር። አንድ የየመን የእንጨት ጀልባ አየንና ደርሶ ገመድ ወረወረልን። አሰርነው፤ ይጎትተን ጀመር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደዚያኛው ተሻገሩ። እኔና ጀንበሬ ቀረን።

"ፓምፑ ሊነሣልኝ ነው፤ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ" አለ።

"ተወው፣ እንውጣ" ማለት ነበረብኝ፤ አለቃው ነበርኩ። "እሺ" አልኩት። ወደ ሞተሩ ክፍል ወረደ። እኔ ገመዱን አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ተሻገርኩ። እግሬ የየመኑን ጀልባ እንደነካ የእኛዋ በአንድ ጊዜ በኋላዋ ሰጠመች፤ ግማሿ ውሃ ውስጥ ገባ። ገመዱ ተወጠረ። የተሻገርንበትም ጀልባ ያዘነብል ጀመር። ባለ ጀልባው "ቁረጡት! ሁላችንም ልናልቅ ነው!" እያለ በዓረብኛ ይጮኻል። መጥረቢያው ያለው እኔ እግር ሥር ነበር። ጀንበሬን ጠራሁት። ሦስት ጊዜ ጠራሁት።

ከዚያ ቆረጥኩት። ስርጉት፣ ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ውሃው እንደተዘጋ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? የራስ ቢርን የመብራት ማማ አቅጣጫ ለክቼ ቦታውን ጻፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት የለመድኩት ነገር ነው፤ እጄ ነው የጻፈው። ያ ቁራጭ ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ።

ለአንቺ የጻፍኩት ጅቡቲ በገባን በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ "ሞቷል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሞተ ስትባይ እንዴት ሞተ ትያለሽ። ተሻገረ ከተባለ ግን እንዴት የሚል አይኖርም። የቀሩት ዘጠኙም ከጅቡቲ ወደየዓለሙ ተበትነዋል፤ አንቺን የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። ለአንቺ አዝኜ የዋሸሁ ለማስመሰል ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ የፈራሁት ያቺን አንድ ጥያቄ ነው።

ማዳም ሶላንዥ ቃሏን አልረሳችም። ባለፈው ማክሰኞ ዓብዱሰመድ እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ገመዱን ጣለ። ሰባት መቶ ሠላሳ ሜትር። ሦስት ሻርክ አወጣ፤ አንዷ እርጉዝ ነበረች። ማዳም በደስታ ደብተሩን ፊቴ ዘረጋችና "መቶ አሥራ አራተኛው፤ በለው!" አለችኝ። ቀይ እርሳሱን አነሣሁ። ቁጥሮቹን ደብተሩ ላይ ሳነብ ኪሴ ካለው ወረቀት ጋር ልዩነታቸው ከአንድ ገመድ ርዝመት አይበልጥም። እጄ እምቢ አለኝ። "አሞሃል?" ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ቆይቼ ነጥቡን አሳረፍኩት።

ሻሼ ዓሣው ምን ይበላል ብላ የጠየቀችኝን ሁለት ጊዜ ዘልያታለሁ። አሁን ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ለእሷ ምን እንደምትያት አላውቅም።

አትምጪ ያልኩሽ ፊትሽን ለማየት ስላልቻልኩ ነው። አሁን ከፈለግሽ ነይ። ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ደስታው


ናዝሬት፣ መጋቢት 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለአቶ ደስታው፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አልመጣም።

ጽፌ የቀደድኩት ብዙ ነው። ስድብም ነበረበት። አሁን የምጽፍልዎ ሁለት ነገር ለማሳወቅና አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ስለ እማማ ነው። ወረቀትዎን ካነበብኩ በኋላ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄድኩ፤ የጀንበሬን ፍትሐት እንዲያደርሱልኝ ልለምን። አባም "ልጄ፣ የእሱ ፍትሐት ደርሷል፤ ተዝካሩም ወጥቷል" አሉኝ። እማማ በ1987 "ለስለት ኩሉቢ ልሳለም" ብለው ሦስት ቀን ቆይተው ነበር። ኩሉቢ አልሄዱም። ማንም ሳይነግራቸው፣ ልባቸው ቢነግራቸው ሞጆ ወርደው የልጃቸውን ተዝካር አውጥተዋል። ለአባ "ምራቴ እንዳትሰማ፤ በተስፋ ነው ያለችው፤ ብትሰማ ትሞትብኛለች" ብለዋቸዋል። ጥቁሬን "አውልቂው" ብለው የጮኹብኝ እኮ ተዝካሩን ካወጡ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ለእሳቸው ስል ነበር የምጠብቀው። አንዳንድ ቀን ልቤ "ሞቷል" ሲለኝ፣ እማማ ፊቴን እንዳያዩ ብዬ ጓዳ ገብቼ እቀመጥ ነበር። ሁለት ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ አንዳችን አንዳችንን ስናታልል ኖርን። በላያችን የተቆለፈው የእርስዎ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው፤ የጻፉልኝን ግማሹን አምኛለሁ። ጀንበሬን አውቀዋለሁ። በር ቢዘጋበት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። "ሦስት ጊዜ ጠራሁት" ብለዋል። እሱ የመለሰውን አልጻፉም።

የምጠይቅዎ ይህ ነው። ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ያየ ሰው ምሎ ካልመሰከረ "ሞቷል" ብሎ መወሰን አይቻልም አሉኝ፤ ምስክሩ ውጭ አገር ከሆነ ኤምባሲ ገብቶ ቃሉን ይስጥ፣ የሞተበትም ቦታ ይጻፍ ብለዋል። ኤምባሲ የገባ ስደተኛ ካርዱን እንደሚያጣ ጌቾ ነግሮኛል። አውቄ ነው የምጠይቅዎ። ሲምሉ ደግሞ ያስቀሩትን ጨምረው ይማሉ።

ስርጉት


ጅቡቲ፣ ሰኔ 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ስርጉት፤

ለዘገየሁበት ይቅርታ። ኤምባሲው በር ድረስ አራት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ዘበኛው "ወንድም፣ ምን ፈልገህ ነው?" ሲለኝ "መንገድ ስቼ ነው" አልኩት። በአምስተኛው ዓብዱሰመድ አብሮኝ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ። የሆነውን ነግሬው ነበር። "እኔም በዚያ ውሃ ላይ አጎቴ ቀርቷል" አለኝ።

ቃሌን የተቀበሉኝ ሽበት የጣለባቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን አቀረቡልኝ፤ ማልኩ። የጻፍኩልሽን ሁሉ ነገርኳቸው። ጽፈው ሲያበቁ ብዕራቸውን አንሥተው፣

"ገመዱን ሲቆርጡት ሰውየው በሕይወት ነበር?" አሉኝ።

"አዎ።"

"በምን አወቁ?"

"በመዶሻ ይመታ ነበር።"

"ምንድን ነው የሚመታው?"

"ከውስጥ፣ ብረቱን። የወረደበት መዝጊያ በውሃው ግፊት ተጣብቆበት ነው። ስሙን ስጠራ ይመታል፤ ዝም ስል ዝም ይላል። ሦስቱንም ጊዜ መልሶልኛል። ከቆረጥኩትም በኋላ ሰምቼዋለሁ፤ ውሃው እስኪውጣት።"

 ሰውየው ጻፉት፤ አነበቡልኝ፤ ፈረምኩ።

ያላመንሽኝ ልክ ነበርሽ። ያን ድምፅ ከእኔ ሌላ የሰማው ሰው እንደሌለ አውቅ ነበር። የተሻገሩት ሰዎች ይጮኹ፣ ይጸልዩ ነበር። ስለዚህ ካልተናገርኩት እንዳልነበረ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ካርዴን ተመልሼ ለሰጠኝ ቢሮ አስረክቤያለሁ። ደንቡ ነው፤ "አገርህ ከጠበቀህ እኛ አንጠብቅህም" ነው ነገሩ። የኤምባሲው ሰው የመግቢያ ወረቀት እንዲሰጠኝ ጽፈዋል፤ ግን የጥንት ወታደር ስለሆንኩ፣ ጊዜውም የጦርነት ስለሆነ፣ ማጣራቱ ይቆያል አሉኝ። እስከዚያ እዚህም የለሁበት፣ እዚያም የለሁበት። ከዋራበሌ ብዙ አልወጣም። አፈሳ ሲኖር ጎረቤቶቼ ቆርቆሮውን መታ መታ አድርገው ይነግሩኛል፤ እኔም እደበቃለሁ። መታ መታ ሲያደርጉት ምን እንደሚሰማኝ አልነግራቸውም።

የማዳም ሶላንዥ ሥራ አልቋል፤ ባለፈው ሳምንት ወደ አገሯ ገባች። መቶ ስድሳ አንድ ነጥብ ሞልተን ካርታውን አጠናቀቅን። ዓሣው የሚኖርበት መሬት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ጀምሮ ከጠረፉ ጋር ተጠማዝዞ የሚሄድ ጠባብ ሰቅ ነው። መቶ አሥራ አራተኛውን ነጥብ ከሌሎቹ የሚለይ ምልክት የለም። ያንን ብቻ በስስ ወረቀት ገልብጬ፣ የራስ ቢርን ማማና ጠረፉን አድርጌበት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ቁጥሮቹ ከሥሩ ተጽፈዋል፤ ለፍርድ ቤቱ ያስፈልጉሻል። የምስክርነቱ ቃል በኤምባሲው በኩል ይደርሳችኋል።

መልስ እንድትጽፊልኝ አልጠይቅም።

ደስታው


ናዝሬት፣ መስከረም 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለደስታው፤

ወረቀትህም ካርታውም ደርሰዋል። ፍርድ ቤቱ ነሐሴ 25 ቀን ወሰነ።

መዝገብ ቤት ያለው ልጅ "የሞተበት ቦታ?" አለኝ። ቁጥሮቹን አነበብኩለት። "ይሄ የስንት ወረዳ ነው?" አለኝ። ባሕር ነው ስለው "ባሕር የሚል መደብ የለም፤ ወረዳ፣ ቀበሌ ነው የሚለው" ብሎ ተጨነቀ። አለቃው መጥቶ ካርታህን ገልብጦ አየው፤ ጠረፉን በጣቱ ተከተለና "እንዳለ ቁጥሩን ጻፈው" አለው። ስለዚህ በእኔ ወረቀት ላይ ቀበሌው ባሕር ነው።

ለቅሶውን በመስከረም መጀመሪያ ተቀመጥን። ሰዎች ከስምንት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚያለቅሱ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን የድሮ ባሕርተኞች ከደብረ ዘይት መጡ፤ ከእነሱ አንዱ የጀንበሬን ፉጨት ሲያነሣ ሁሉም አለቀሰ። ሻሼም አለቀሰች። ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ስለ መዶሻውም ነግሬያታለሁ። "አባቴ መልሶለታል ማለት ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ያን ቀን ሌላ አልጠየቀችኝም።

አቶ ዓለምሰገድ እስከ ዓመቱ እንደሚጠብቅ ልኮብኛል። ምን እንደምመልስለት አላውቅም። ግን እምቢም ብል እሺም ብል የምመልሰው እኔ ነኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ አልመጣልኝም። የማይመጣውን አልጽፍም፤ ያልሆነ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ሁለታችንም አይተናል። አንድ ነገር ግን እውነት ነው። በዓለም ላይ የባሌን መጨረሻ የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። እዚያ ቆርቆሮ ሥር እንድትሞትብኝ አልፈልግም። ለጌቾ ነግሬዋለሁ፤ በተመላለሰ ቁጥር ይጠይቅሃል፤ የጎደለህን ላክብኝ።

ወረቀትህ ወጥቶ ናዝሬት የገባህ ቀን በቀጥታ ወደ እኔ አትምጣ። መጀመሪያ እማማ እታለም ዘንድ ሂድ። ገብርኤል ነው የተቀበሩት። በምዕራቡ በር ግባ፤ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ሁለት ጽድ አለ፤ ከሁለተኛው ጽድ ሥር ሦስተኛው መቃብር ነው። ስማቸው በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩ የጀንበሬን ስም አስጨምሬበታለሁ። እዚያ ቁጭ ብለህ ለእሳቸው የምትነግራቸውን ሁሉ ንገራቸው፤ አትቸኩል። ስትጨርስ ወደ ቤት ና። በሩን እከፍትልሃለሁ።

ስርጉት